ከበቆጂ እስከ ሐረና፣ በረጅም ሌንስ

በቆጂ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ከጭላሎና ከካካ ተራሮች የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም፤ ሯጮቹ ግን ሜዳው ላይ ናቸው። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራ ምድር ነው። ከአሠልጣኙ ፈቃድ ጠይቀን፣ ማንንም በማናውክበት በመታጠፊያው ጥግ ቆመናል።

መድረሻችን ባሌ ነው፤ የምንፈልገውም ቀይ ቀበሮን። መንገዱን በአሰላ በኩል አድርገን በቆጂ ያደርነው ለሌንሶቻችን ስንል ነው። ቴሌፎቶ ሌንስ የሚታወቀው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያነሱበት ነው፤ አውሬ ደግሞ አንዴ ካለፈ አለፈ። የበቆጂ ልጆች በየዙሩ በዚያው መስመር ይመለሳሉ። አንዱን ሌንስ ከሌላው ጋር በአንድ ብርሃንና በአንድ ርቀት ደጋግሞ ለማስተያየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

የያዝናቸው እነዚህ ናቸው። አንዱ 70-200 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ነው። ሁለተኛው 150-600 ሚሊሜትር ዙም ሲሆን ጫፉ ላይ ኤፍ 6.3 ይሆናል። ሦስተኛው ዙም የሌለው የካነን 400 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ ዕድሜ የጠገበ ግን መስታወቱ ንጹሕ የሆነ ሌንስ። አራተኛው ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣው ጓደኛዬ ተከራይቶ ያመጣው 600 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ነው።

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ይሸፍናል። መሬት የረገጠው እግሩ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፤ በአየር ላይ ያለው ግን ከሰውነቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይወነጨፋል። ስለዚህ በ1/250ኛ ሰከንድ፣ ካሜራውን ከሯጩ ጋር እያዞርኩ ሳነሳ ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ እግሮቹ ግን ብዥ ይላሉ። የሹተሩን ፍጥነት ወደ 1/1600ኛ ሳሳድገው ከጫማው ሥር የሚፈናጠረው አፈር ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ፎቶ ናቸው፤ አንደኛው ሩጫውን ያሳያል፣ ሁለተኛው ሯጩን። የትኛውን እንደሚፈልግ ሳይወስን ሌንስ የሚመርጥ ሰው ግን በኋላ ሌንሱን ይወቅሳል።

ከባዱ ነገር ሯጩ ፊት ለፊት ሲመጣ ነው። በ200 ሚሊሜትርና በኤፍ 2.8፣ ከ10 ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው የጥልቀት ክልል 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሯጩ ያን ክልል ለማለፍ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ካሜራው ሯጩ አሁን ያለበትን ሳይሆን ሹተሩ ሲከፈት የሚደርስበትን መገመት አለበት፤ የሌንሱ ሞተር ደግሞ ከባዱን መስታወት እዚያ ቦታ ላይ በጊዜው ማድረስ አለበት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ሲያነሱበት እኩል የሚመስሉ ሁለት ሌንሶች እዚህ ሜዳ ላይ ሰማይና ምድር ይሆናሉ። አንዱ በተከታታይ ከተነሱት ፎቶዎች አብዛኛውን ሲይዝ ሌላው ሯጩ ካለፈ በኋላ ጀርባው ላይ ያለውን አጥር ያጠራል።

በዚህ ረገድ ርካሽ መድኃኒት የሌንሱ ጎን ላይ ያለች ትንሽ ማብሪያ ናት። ብዙ ረጃጅም ሌንሶች የፎከሱን ክልል የሚገድቡበት ቦታ አላቸው። ሩቅ ያለውን ብቻ እንዲፈልግ ሲታዘዝ ሌንሱ ኢላማው ሲጠፋበት እስከ አፍንጫው ድረስ ተመልሶ አይባዝንም። ሌንስ የሚገዛ ሰው ይህች ማብሪያ መኖሯን ቢያይ መልካም ነው።

ለሜዳው 70-200ው ያለ ተቀናቃኝ አሸንፏል። 600 ሚሊሜትር በሙሉ ፍሬም ሴንሰር ላይ የሚያየው የማዕዘን ስፋት ከሦስት ዲግሪ ተኩል አይበልጥም፤ ከ10 ሜትር ላይ 60 ሴንቲሜትር ብቻ ማለት ነው። ጓደኛዬ ሯጮቹን ፍለጋ ሰማዩንና ሣሩን ሲያስስ ቆየና «ይህ የባሌ ዕቃ ነው» ብሎ ከረጢቱ ውስጥ መለሰው።

ዲንሾ፣ ከሰዓት በኋላ

ዶዶላንና አዳባን ስናልፍ ግራ ቀኙ የስንዴ ማሳ ነበር። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ አናት ላይ ጭልፊቶች ተደርድረው ቁልቁል ያያሉ። ዲንሾ ስንደርስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,100 ሜትር ወጥተናል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ጥቂት ሜትር ርቀው ያመሰኳሉ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በየትም አገር የለም፤ ሳይንስም ያወቀውና የመዘገበው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እዚህ ሰው ለምደዋል፤ ስለዚህ 200 ሚሊሜትር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሌንስ ቀንዱን ወይም ጆሮውን ቆርጦ ያስቀራል።

አመሻሹ ላይ ግን ወደ ጋይሳይ ሜዳ ወረድን፤ ከዲንሾ ሩቅ አይደለም። ያው እንስሳ፣ ያው ፓርክ ነው፤ ግን እዚህ ያሉት አጋዘኖች ከጭቁኝ ቁጥቋጦው መሐል ገና ከመቶ ሜትር በላይ ርቀን ሳለን ቀና ብለው አዩን። አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ የዲንሾ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንጠጋ?» አልኳቸው።

«ጆሮውን እየው ልጄ። ሁለቱም ወደ አንተ ዞረዋል። አንድ እርምጃ ብትጨምር መብላቱን ይተዋል፤ ሁለት ብትጨምር ይሄዳል። አሁን ያለህበት ያንተ ቦታ ነው።»

ይህ ንግግራቸው ከብዙ የሌንስ መመሪያ የበለጠ ጠቅሞኛል። ሰው ብዙውን ጊዜ «ስንት ሚሊሜትር ልግዛ?» ብሎ ይጀምራል። ትክክለኛው መነሻ እንስሳው ከእኛ የሚፈልገው ርቀት ነው። እሱ ከታወቀ ሌንሱን የሚመርጠው ሂሳብ ነው፤ ሂሳቡም ከባድ አይደለም። የእንስሳውን ርዝመት በሌንሱ ሚሊሜትር ማባዛትና ለርቀቱ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው እንስሳው ሴንሰሩ ላይ የሚይዘው ስፋት ይሆናል።

ቀይ ቀበሮ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ከ50 ሜትር ላይ በ400 ሚሊሜትር ሲነሳ ሴንሰሩ ላይ 8 ሚሊሜትር ይሆናል። ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ወርዱ 36 ሚሊሜትር ስለሆነ ቀበሮው የፎቶውን ሩብ እንኳ አይሞላም። በ600 ሚሊሜትር 12 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ያንኑ 400 ሚሊሜትር ሌንስ ወርዱ 23 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አነስተኛ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ ስንገጥመው ደግሞ ያው 8 ሚሊሜትር አንድ ሦስተኛውን ይይዛል። በኪሱ ልክ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ርካሹ ካሜራ ከአጭሩ ሌንስ ጋር ተጣምሮ፣ ውዱ ካሜራ ከረጅሙ ሌንስ ጋር ሆኖ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይደርሳል። የሚከፈለው ዋጋ በደካማ ብርሃን ላይ የምስሉ መሻከር ነው።

ሮቤ፣ ገበያ

አንድ ጠንካራ የጨርቅ ከረጢት አሰፋንና ሽምብራ ሞላንበት። የመኪናው መስኮት ላይ ጣል አድርገን ሌንሱን ስናስተኛበት ትራይፖድ የሚሠራውን ይሠራል፤ ለመግጠምና ለመንቀልም ጊዜ አይፈልግም። ከውጭ አገር ሲመጡ ከረጢቱን ባዶ ይዞ መጥቶ እዚህ መሙላት የአውሮፕላን ክብደት ይቆጥባል። ሲመለሱ ሽምብራው ለአስተናጋጆች ቤት ይቀራል።

ሳኔቴ፣ ንጋት

ከጎባ በጨለማ ተነስተን፣ ጥዱንና ኮሶውን፣ ከዚያም አስታውን አልፈን አምባው ላይ ወጣን። መንገዱ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ሲሆን የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ላይ ይታያል። ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቷል፤ ጅብራዎቹ በየቦታው ቆመዋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህሉ ነው፤ ጎንበስ ብሎ የጫማ ክር ማሰር ራሱ ያስተነፍሳል።

ስለ ክብደት የሚነገረው ሁሉ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። የካነን 600 ሚሊሜትር ኤፍ 4 በ1999 እ.ኤ.አ. ከነማረጋጊያው ሲወጣ ከአምስት ኪሎ በላይ ነበር፤ በ2018 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ወደ ሦስት ኪሎ ወርዷል። ከዚያ በታች ለማውረድ ፊዚክሱ ራሱ ያስቸግራል። 600 ለ 4 ሲካፈል 150 ነው፤ ስለዚህ የፊቱ መስታወት ቢያንስ 150 ሚሊሜትር ስፋት ሊኖረው ግድ ነው። በኤፍ 6.3 ግን 95 ሚሊሜትር ይበቃል። 150-600ዎቹ የሲግማና የታምሮን ዙሞች ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝኑት፣ የሶኒ 200-600 እና የኒከን 180-600ም በዚያው አካባቢ የሆኑት ለዚህ ነው። ያ አሮጌ 400 ኤፍ 5.6 አንድ ኪሎ ከሩብ ነው።

ልዩነቱ የሚገዛው ብርሃን ነው። ኤፍ 4 ከኤፍ 6.3 ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ያስገባል። ፀሐይ ሳትወጣ በ1/1000ኛ ሰከንድ ለማንሳት የእኔ ዙም አይኤስኦ 6400 ሲጠይቅ የጓደኛዬ 2500 ይበቃዋል። የቀበሮው ደረት ላይ ያለው ነጭና ቀይ ጠጉር በሁለቱ ፎቶዎች አንድ አይደለም፤ የእሱ ይበልጣል። ይህን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያውን ቀበሮ ያየነው ፀሐይ ጫፏን ስታወጣ ነው። ከመንገዱ በስተግራ፣ በሩቅ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በሶምሶማ ይሄዳል። ጓደኛዬ ሌንሱን ትራይፖድ ላይ ሊጭን ተነሳ፤ እኔም መኪናውን እንድናስከትል ጠየቅሁ።

«የት ትሄዳላችሁ ልጆቼ?» አሉ ጋሼ። «ድንበሩን ሊያይ ነው የወጣው። ዞሮ በዚህ ይመጣል፤ ሞተሩን አጥፉና ቁጭ በሉ።»

ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ የሚኖር፣ ድንበሩን ጠዋትና ማታ እየዞረ የሚያስከብር እንስሳ ነው። አይጥና ፍልፈል በሚበዛበት በዚህ አምባ የአንድ ቤተሰብ ግዛት በአማካይ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋሼ ድንበሩ የት የት እንደሚያልፍ ያውቃሉ። ጠበቅን። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት ሆኑ፤ እርስ በርስ እየተሻሹና እየጮኹ መንገዱን ከመኪናችን ፊት ለፊት ተሻገሩ። 400 ሚሊሜትሩ እጄ ላይ ነበርና በመስኮቱ አውጥቼ አነሳኋቸው። በዚያ ቅርበት 600 ሚሊሜትር አራቱን በአንድ ፎቶ አያስገባም።

ሳኔቴ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ስለ ሌንስ ጥራት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ሰዓት እዚህ ቢያሳልፍ እመኛለሁ።

ቀበሮዎቹ ከጠዋቱ ስብሰባ በኋላ ይበታተናሉ። የሚያድኑት ለየብቻ ነው፤ የሚያድኑትም በቀን ነው። ምግባቸው ሣር ላይ የሚሯሯጡት አይጦችና እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝነው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሣር የሚለቅመው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው። ያኔ ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ በደረቱ እየተሳበ ይጠጋል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ ከዚያ ይወረወራል። የአምባው ትልቁ ፎቶ ይህ ነው።

ችግሩ ያቺው ፀሐይ አየሩንም ማሞቋ ነው። በሌሊት የቀዘቀዘው መሬት ሲሞቅ ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው መሐል እየተግተለተለ ይወጣል። ሞቃት አየር ብርሃንን የሚያጥፈው ከቀዝቃዛው በተለየ መጠን ስለሆነ ከቀበሮው የሚመጣው ብርሃን በመንገዱ ሁሉ ይወላገዳል። በዓይን ስናይ ብርድ ነው፤ በ600 ሚሊሜትር ስናይ ግን ሣሩ እንደ ፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ከ100 ሜትር ላይ ያነሳነውን ፎቶ በካሜራው ጀርባ ስናጎላው በዙሙም፣ በአሮጌው 400ም፣ በውዱ ኤፍ 4ም የቀበሮው ዓይን አልጠራም። ማረጋጊያ አይረዳም፤ የሹተር ፍጥነትም አይረዳም። ከሌንሱ ኋላ የሚገጠም ማጉያ (ቴሌኮንቨርተር) መጨመር ደግሞ ንቅንቅታውን ያጎላል። 1.4 እጥፍ የሚያጎላው ግማሹን ብርሃን፣ 2 እጥፍ የሚያጎላው ሦስት አራተኛውን ብርሃን ወስደው የሚሰጡት የጎላ ብዥታ ነው።

ጓደኛዬ ሌንሱ የተበላሸ መስሎት ተጨነቀ። በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ የጅብራ ቅጠል እንዲያነሳ ነገርኩት። ቅጠሉ እስከ ጠርዙ ጥርት ብሎ ወጣ። ሌንሱ ጤነኛ ነው፤ በሌንሱና በቀበሮው መሐል ያለው አየር ነው የታመመው።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። በሙቀት ሰዓት ጥራት የሚገኘው አየሩን በማሳጠር ነው፤ አየሩን ለማሳጠር መጠጋት ያስፈልጋል፤ ቀይ ቀበሮን ግን መጠጋት የለብንም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። አድኖ የሚበላውን አንዱን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ማባረር ምሳውን መንጠቅ ነው፤ ግልገሎች ያሉበት ዋሻ አጠገብ መሄድ ደግሞ እናቲቱን ልጆቿን ተሸክማ እንድትሰደድ ማስገደድ ነው። የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ እሱ ወደ እኛ እስኪመጣ መጠበቅ። ፍልፈል ያለበትን ሜዳ መርጦ፣ ነፋሱን አይቶ፣ ሞተር አጥፍቶ መቀመጥ። ደመና የሸፈነበት ቀን ከሆነ ደግሞ አየሩ ስለማይፈላ ያ ቀን ወርቅ ነው።

መኪና ውስጥ ስንቀመጥ ሌላም ነገር አለ። የመኪናው ማሞቂያ በርቶ መስኮት ሲከፈት ሞቃቱ አየር በሌንሱ ፊት ይወጣል፤ የሚፈላው አየር ከሜዳው ሳይሆን ከራሳችን ይሆናል። ማሞቂያውን ማጥፋት፣ መስኮቶቹን ቀድሞ ከፍቶ ውስጡን ከውጭ ጋር ማስተካከል፣ ጋቢ ደርቦ መጠበቅ ይሻላል። አመዳይ የነካውን ካሜራ ወደ ሞቃት ክፍል ስናስገባ ከረጢቱ ውስጥ ዘግተን ነው፤ አለበለዚያ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል።

ከቀትር በፊት ደመና መጣ። አንድ ቀበሮ ሜዳውን እያሰሰ፣ እኛን እንዳላየ ሆኖ ወደ መኪናው ቀረበ፤ ከ20 ሜትር እንደማይበልጥ ገመትኩ። በዚያ ርቀት በ600 ሚሊሜትርና በኤፍ 6.3 ጥርት የሚለው ክልል 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ዓይኑ ላይ ካረፈ ትከሻው ይጠራል፣ ጭራው አይጠራም። ዙሙን ወደ 400 መልሼ 1/2000ኛ ሰከንድ ላይ አደረግሁ። ሲወረወር አራቱም እግሮቹ ከመሬት ተነስተው፣ አፈሩ ከጥፍሩ ሥር ሲበተን ይታያል። የሁለት ኪሎው ዙም ፎቶ ነው። ጓደኛዬም በ600 ኤፍ 4ቱ ፎቶውን በቀበሮው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አነሳው፤ ጢሙ ላይ የተያያዘ የሣር ዘር ይቆጠራል። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሳይ ጥራታቸውን የወሰነው ያቺ የደመናና የቅርበት ደቂቃ መሆኗ ግልጽ ነበር።

ሐረና፣ ከቀትር በኋላ

ከአምባው ደቡባዊ ጫፍ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ በአጭር ጉዞ ከአመዳይ ወደ ጭጋግና የዛፍ ሽበት ገባን። ሪራ አካባቢ ያለው ቀርከሃ የባሌ ጦጣ ቤት ነው፤ ዋና ምግቡም የቀርከሃ ቅጠል ነው። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ።

እዚህ ሚዛኑ ተገለበጠ። ርቀቱ አጭር ነው፤ የጎደለው ብርሃን ነው። ኤፍ 6.3 ያለው ዙሜ ከቅጠል መሐል ፎከስ ሲፈልግ ዘገየ፤ 70-200 ኤፍ 2.8ቱ ግን አምስት እጥፍ ብርሃን ስለሚያስገባ ሥራውን ሠራ። ጉሬዛ ነጭና ጥቁር ስለሆነ ለነጩ ጠጉሩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ነጩ ከተቃጠለ አይመለስም፣ ጥቁሩ ግን በኋላ ይነሳል። በቅጠሎቹ መሐል ሰማይ ብልጭ በሚልበት ቦታ ደግሞ የመስታወት ጥራት ይፈተናል። ቀለማት በሌንስ ውስጥ በአንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም፤ ሌንሱ ሲረዝም ልዩነቱ ይጎላና ጥቁሩ ቅርንጫፍ ሐምራዊ ጠርዝ ያወጣል። ካነን እ.ኤ.አ. በ1969 የፍሎራይት ክሪስታል ያለበትን 300 ሚሊሜትር ሌንስ ያወጣው ይህን ለማጥፋት ነው። ዛሬ ዝቅተኛ ብትነት ያለው ልዩ መስታወት በመካከለኛ ዋጋ ሌንሶችም ውስጥ አለ፤ ሲገዙ ስሙን ፈልጎ ማየት ይገባል።

ጎባ፣ ማታ

ሌንስ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ማስታወሻ ቢያነብ የምመክረውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

መጀመሪያ የምታነሱትን ለዩ። ሯጭ፣ ኳስ፣ የፈረስ ጉግስና የደን እንስሳ ከሆነ 70-200 ኤፍ 2.8 ይቅደም። ሜዳና አምባ ከሆነ 500 ወይም 600 ሚሊሜትር የሚደርስ ዙም ይቅደም። የሚበር ወፍ ከሆነ ክብደቱ የቀለለ፣ እጅ ላይ የሚዞር ሌንስ ያስፈልጋል፤ አሮጌው 400 ኤፍ 5.6 ማረጋጊያ ባይኖረውም በ1/2000ኛ ሰከንድ ለሚነሳ ጭልፊት ማረጋጊያ አያሻውም። አቅም ላለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኒከን 500 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ውስጡ ያለው ልዩ ስስ መስታወት ርዝመቱንና ክብደቱን ቀንሶታል።

ሁለተኛ፣ ሌንሱን በምትጠቀሙበት ቦታ ላይ ፈትኑት። 150-600 ዙም የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው በ600 ነው፤ ስለዚህ በ300 ማማሩ ምንም አይጠቅም። በጫፉ፣ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ ይፈተን። ብዙ ዙሞች ከኤፍ 6.3 ወደ ኤፍ 8 ሲጠብቡ ይሻላሉ፤ ብርሃን ካለ ያ ጥሩ ነው፣ በንጋት ግን አይገኝም።

ሦስተኛ፣ እኛ አገር ብዙው ሌንስ በሁለተኛ እጅ የሚገዛ ወይም ከዱባይና ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ ስለሆነ መመለስ ያስቸግራል። ከመክፈል በፊት በእጅ ባትሪ ውስጡን ማብራት፤ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። ከዚያ የግንብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ በትራይፖድ ማንሳትና አራቱን ማዕዘናት ማስተያየት ነው። አንዱ ጎን ጠርቶ ሌላው ብዥ ካለ ሌንሱ ወድቋል ወይም መስታወቱ ከመሐሉ ሸሽቷል። ከዚያ መንገድ ዳር ወጥቶ ወደ ራስ የሚመጣ ባጃጅ በተከታታይ ማንሳት፤ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ፈተናው ሁሉ በቅርብ ርቀትና በማለዳ አየር ይሁን፤ በቀትር ሙቀት ከሩቅ ከተነሳ ጥሩው ሌንስ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። 600 ኤፍ 4 ከ150-600 ዙም በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ኤፍ 4ቱ በንጋት እንደሚበልጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጽፌዋለሁም። ነገር ግን እዚህ ተራራ ላይ የሚቆጠር ፎቶ ሁሉ የተገኘው በመጠበቅ ነው፤ መጠበቅም ገንዘብ ይጠይቃል፦ ማደሪያ፣ ነዳጅ፣ የፈረስ ኪራይ፣ የአስጎብኚ ክፍያ። የጋሼ ዓይን ባይኖር ድንበሩ የት እንደሚያልፍ አናውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003ና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ እነዚህን ቀበሮዎች ሲፈጃቸው ለውሾቻቸው ክትባት ተቀብለው የተባበሩት የዚሁ ተራራ ነዋሪዎች ናቸው፤ ቀበሮው በሕይወት መኖሩ ለእነሱ እንጀራ ሲሆን ጠባቂው ይበዛል።

የአገራችን ወጣት ፎቶ አንሺዎች ቀይ ቀበሮን በራሳቸው ዓይን፣ በየወቅቱ፣ ዓመት እስከ ዓመት ቢመዘግቡት እመኛለሁ፤ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ሌንስ በጋራ ቢገዙም ያስኬዳል። ሌንሱ ከተገዛ በኋላ ባሌ ደርሶ ለመሰንበት የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለ ግን ሌንሱ ከአቅም በላይ ነበር ማለት ነው። ቀነስ ያለውን ግዙና በተረፈው ተራራው ላይ ቆዩ።